በሙሉ ድምፅ

ኦቦ ሶያማ ቀጄላን ሰበታ ላይ በስማቸው ብትጠይቁ የሚያውቃቸው ብዙ አይደለም። «ጀሶ የሚያቦኩት ሽማግሌ» ካላችሁ ግን የትኛውም የባጃጅ ሹፌር በራቸው ድረስ ያደርሳችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሙዚየም ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ ሔለን እባላለሁ፤ እዚያው ሙዚየም የአስተዳደር ጸሐፊ ነኝ። ይህን ለመጻፍ አስፈቅጃቸዋለሁ። «ጻፊው፤ የእኔን ጥፋት ግን እንዳታለሳልሺው» አሉኝ። የእኔም ጥፋት አለበት፤ እሱንም አላለሳልሰውም።

የተወለዱት ከሰበታ ወደ ተፍኪ ሲኬድ ካለ የገበሬ መንደር ነው። ሙዚየሙ ሲቀጠሩ የቁልፍ ያዥ ረዳት ነበሩ። አንድ ቀን የተሰበረ የማሳያ ሣጥን ማንም ሳያዛቸው ጠግነው ተገኙና ወደ ወርክሾፕ ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከወርክሾፕ አልወጡም። ቅርስ የሚቆምበትን መደገፊያ ይሠራሉ፤ የመስታወት ሣጥን ያበጃሉ፤ ለአውደ ርዕይ ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ ዕቃ ሲኖር ዋናው እንዳይጎዳ የጀሶ ቅጂውን ያወጣሉ። ጎብኚ የሚያደንቀው ገንቦውን ነው፤ ገንቦው ሳይወድቅ የቆመው በማን እጅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እሳቸውም በዚህ ሲከፋቸው አላየሁም። ጠዋት በጨለማ ከሰበታ ታክሲ ይይዛሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ከፍተው እጃቸውን ጀሶ ውስጥ ነክረው ይውላሉ።

በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሰበታ ካለው ማየት የተሳናቸው ልጆች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ሃያ ያህል ተማሪዎች ሊጎበኙ መጡ። አስጎብኚው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ዓይን ላለው ሰው የለመደውን ንግግር ነው የደገመላቸው። «እዚህ የምትመለከቱት…» እያለ ከሣጥን ወደ ሣጥን ይወስዳቸዋል። ልጆቹ መስታወቱን በመዳፋቸው እየነኩ ያዳምጣሉ። ኦቦ ሶያማ መሰላል ላይ ወጥተው አምፖል እየቀየሩ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ገንቦው ምን ያህላል?»

«ትልቅ ነው» አላት አስጎብኚው።

«ከእኔ ይበልጣል?»

«አይ፣ ያን ያህል እንኳን አይደለም።»

«እንስራ ያክላል?»

«በግምት» አለና ወደሚቀጥለው ሣጥን አለፈ።

ኦቦ ሶያማ ከመሰላሉ ወርደው ወርክሾፕ ሄዱ። የዚያው ገንቦ ቅጂ፣ አፉ ተሸርፎ የተጣለ፣ መደርደሪያ ሥር ነበራቸው። አምጥተው ልጅቷን አስታቀፏት። ልጅቷ ቁጭ ብላ ገንቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአንገቱ እስከ ሥሩ ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ሥሩ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ የሰው ጣት አለ። የጥንት ሰው ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ ኦቦ ሶያማ እየሳቁ። «ሳይደርቅ ይዤው ነው።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «እዚህ ቤት ይህን የሚሠራ ሰው አለ ማለት ነው? ሥራው ይሄ ነው?» አለች።

ልጅቷ ሚንሃ ነበረች። የቡራዩ ልጅ ናት፤ እናቷ ራቢአ ቡራዩ ገበያ ቅመማ ቅመም ትነግዳለች። ሚንሃ ግን ለትምህርቷ ስትል ሰበታ ነበር የምታድረው።

ከዚያ ቀን በኋላ የኦቦ ሶያማ ቅዳሜ ተቀየረ። ከሙዚየሙ ፈቃድ ጠይቀው የጀሶ ማፍሰሻ ቅርፆቹን ወሰዱና ቅጂዎቹን ሰበታ ጓሯቸው ውስጥ ያወጡ ጀመር። ከድንጋይ የተጠረበ መቁረጫ፣ በርኩማ (የእንጨት ትራስ)፣ እርካብ፣ የጥንት ሰው ራስ ቅል፤ ይህን ሁሉ በጆንያ ተሸክመው ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ። ልጆቹ እየተቀባበሉ ይዳስሳሉ፤ ይከራከራሉ። እሳቸውም ስለ ሥራው ያወሯቸዋል።

«ሙዚየም የሚሠራ ሰው ሲባል አስጎብኚ ብቻ እንዳይመስላችሁ» ይሏቸዋል። «ዕቃው ሲመጣ የሚመዘግብ አለ። ከየት መጣ፣ ማን ሰጠ ብሎ የሚያጣራ አለ። ብል እንዳይበላው፣ ዝገት እንዳይጨርሰው የሚጠብቅ አለ። ታሪኩን የሚጽፍ አለ፤ ልጆች ሲመጡ የሚያስተምር አለ። እንደ እኔ ጀሶ የሚያቦካም አለ። በአንዱ በር ባትገቡ በሌላው ነው።»

«ዓይን የማይፈልገው የቱ ነው?» አለች አንድ ቅዳሜ ሚንሃ።

«ማስተማሩ» አሏት ኦቦ ሶያማ። «እሱ ጆሮና አፍ ነው የሚፈልገው። ትንሽ ደግሞ እጅ።»

የሚንሃን ሕይወት የወሰነው ይህ መልስ ነው። በ2010 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። መምህራኖቿም እናቷም ሕግ እንድታጠና ፈለጉ፤ ከእሷ በፊት ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ብዙዎች ሕግ አጥንተው ራሳቸውን ችለዋል። እሷ ግን ታሪክና ቅርስ አስተዳደርን መረጠች። ራቢአ ይህን ስትሰማ ገበያዋን ዘግታ ሰበታ ድረስ መጣች።

«ልጄን ምን አስነኩብኝ?» አለች፣ ኦቦ ሶያማ ደጅ ቆማ። «ጠበቃ ብትሆን እንጀራ ነው። ሙዚየም ማን ይቀጥራታል?»

«እኔ እያለሁ በሩ አይዘጋባትም» አሏት። ይህን ሲነግሩኝ «ማንም አላስገደደኝም፤ በራሴ አፍ ነው ያልኩት» አሉኝ።

ሚንሃ በ2014 ዓ.ም.፣ ልትመረቅ ስትል፣ ለሁለት ወር ልምምድ ወደ እኛ መጣች። እኔ ያወቅኋት ያኔ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ነጭ ዘንጓን ይዛ ደረጃውን ሁሉ ቆጠረች። በሁለተኛው ሳምንት ዘንጓ ወርክሾፕ ውስጥ ይቀመጥና ያለሱ ትሄድ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ከሱሉልታ የመጡ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን እንድታስጎበኝ ተሰጣት። እነዚህ የሚያዩ ናቸው፤ ሲገቡም ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ እየተነሱ ነበር። ሚንሃ ሰላም ካለቻቸው በኋላ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለች። «ሰርቆ የሚያይ ካለ እሰማዋለሁ።»

ሳቁ። በርኩማውን ለመጀመሪያዋ ልጅ ሰጠቻትና «ምን እንደሆነ አትንገሪኝ። ማን እንደተኛበት ንገሪኝ» አለቻት። ልጅቷ አገላብጣ ዳሰሰችው። «አንድ ወገኑ አልቋል» አለች። «በቀኝ ጎኑ የሚተኛ ሰው ነው።» ከዚያ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፣ አይደለም ወጣት ነው፣ ራሱን ያመው ነበር፣ ጎፈሬ ነበረው እየተባለ አርባ ደቂቃ ሄደ። ስልክ ያወጣ አልነበረም። ኦቦ ሶያማ በሩ ጋ ቆመው ያያሉ። እኔ ደብዳቤ ልሰጣቸው መጥቼ እዚያው ቀረሁ። ያን ቀን የነበራቸውን ፊት ከዚያ በኋላ አላየሁባቸውም።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሙዚየሙ አንድ የትምህርት ባለሙያ ሊቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። የመደቡ ዝርዝር በሚንሃ ልክ የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር። ሦስት ሰዎች ለቃለ መጠይቅ ቀረቡ። በጽሑፍ ፈተናው፣ ጥያቄው እየተነበበላት፣ አንደኛ የወጣችው እሷ ነች። ፈታኞቹም ሦስት ነበሩ፤ የክፍሉ ኃላፊ አቶ አለሙ፣ ከሰው ሀብት አንድ ባልደረባ፣ ከነባር ሠራተኞች ደግሞ ኦቦ ሶያማ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።

ኦቦ ሶያማ በነጥብ መስጫ ወረቀታቸው ላይ ለሚንሃ ሙሉውን ሰጡ። አይቻለሁ። አመልካቾቹ ሄደው በሩ ሲዘጋ አቶ አለሙ ወረቀቶቹን ሰበሰቡ።

«ኦቦ ሶያማ፣ እኔ ልጅቷን ጠልቼ አይደለም» አሉ። «ደረጃ አለ፣ መስታወት አለ። አንድ ቅርስ ቢሰበር ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?»

«በሁለት ወር ምን ሰበረች?»

«ምንም። ግን ተለማማጅ ሌላ፣ ቋሚ ሠራተኛ ሌላ።» ከዚያ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «ያ የሚጠይቁት ክፍል ነበር አይደል? በእጅ የሚጎበኘው? በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ አስገባዋለሁ። እሷንም ለዚያ ክፍል በራሷ መደብ እናመጣታለን። ዛሬ የልዩነት ሐሳብ ካስመዘገቡ ግን ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቅጥሩ ይሰረዛል፤ ክፍሉንም እርሱት።»

ማየት የተሳናቸው ልጆች ሁሉን ነገር እየነኩ የሚጎበኙበት አንድ ክፍል እንዲሰጥ ኦቦ ሶያማ ለአሥራ አንድ ዓመት ማመልከቻ ጽፈዋል። ማመልከቻዎቹን ሁሉ የተየብኩት እኔ ነኝ። ጡረታቸው ደግሞ ስምንት ወር ቀርቶታል። ጀሶ ጥፍራቸው ሥር የገባ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«በሚቀጥለው ዓመት፣ በእርግጥ?»

«በእርግጥ።»

አቶ አለሙ ነገሩኝ፤ እኔም ጻፍኩ። «አመልካች ሚንሃ የሥራ መደቡ ከሚጠይቀው የቅርስ ደህንነት ቁጥጥር አንፃር ብቁ ሆና ባለመገኘቷ እንዳትመረጥ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።» «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ላይ ስደርስ ኦቦ ሶያማን ቀና ብዬ አየኋቸው። አላዩኝም። እኔም ጻፍኩት። እሳቸውም ፈረሙ።

ውጤቱ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ቀን ሚንሃ ከቡራዩ በጠዋት ደረሰች። ሌላ ሰው እንዲያነብላት አልፈለገችም፤ ኦቦ ሶያማን ከወርክሾፕ አስጠራች። እሳቸውም መነፅራቸውን አድርገው የተመረጠውን ሰው ስም አነበቡላት።

«የእኔ የለም?»

«የለም፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጠሯት። «እኔም ገርሞኛል።»

ስለ ክፍሉ ዕቅዱ ሲጸድቅ ሊነግሯት አስበው ነበር። እስከዚያ መፈረማቸውን ሳታውቅ ብትቆይ የሚሻል መስሏቸው ነበር። እኔም ይህንኑ ለራሴ ስነግረው ከርሜያለሁ።

ሚንሃ ግን መብቷን የምታውቅ ልጅ ናት። ቅሬታ አስገባች፤ የቃለ ጉባኤው ግልባጭ እንዲሰጣትም ተፈቀደ። በሦስተኛው ሳምንት ልትወስድ ወደ እኔ ቢሮ መጣች። ኮፒውን አድርጌ እጇ ላይ ሳስቀምጠው መልሳ ዘረጋችልኝ።

«ሔለን፣ አንብቢልኝ። አንድም ቃል ሳትተዪ።»

አነበብኩ። «በሙሉ ድምፅ» ላይ ስደርስ «ድገሚው» አለች፤ ደገምኩት።

«የፈረሙት እነማን ናቸው?»

የሁለቱን ስም ጠራሁና አቆምኩ።

«ሦስት ናቸው አይደል?»

መዋሸት እችል ነበር። «ሶያማ ቀጄላ» አልኳት።

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። «ፊርማው ዋናው ላይ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዋናውን ከፋይሉ አወጣሁና ጣቷን ይዤ ፊርማው ላይ አስቀመጥኩላት። ኦቦ ሶያማ ሲጽፉ እስክሪብቶ ይጫናሉ፤ ወረቀቱ ጎድጉዷል። ሁለት ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ዳሰሰችው። ከዚያ ግልባጩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አመስግናኝ ወጣች። በወርክሾፑ በር በኩል ነው የሚወጣው፤ ሬዲዮው ይሰማ ነበር። ሳትቆም አለፈች።

በዚያው ቀን ለኦቦ ሶያማ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከጀሶው አወጡና ሳይታጠቡ ቁጭ አሉ። በማግስቱም ጀሶው ባሊው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

እሑድ ቡራዩ መጡ። እኔ ነዋሪነቴ ቡራዩ ስለሆነ አብሬያቸው እንድገባ ለመኑኝ። ራቢአ በሩን ከፈተችልን፤ «ግቡ» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። ሚንሃ ተነሥታ እጃቸውን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ወንበር አሳየቻቸው። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሏት። እሷም ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር የምትመልስላቸው። ያን ቀን «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ብቻ አለች።

ኦቦ ሶያማ ሁሉንም ነገሯት። ክፍሉን፣ አሥራ አንዱን ዓመት፣ አቶ አለሙ የገቡትን ቃል። እየተናገሩ ሳለ ቃሉ ለራሳቸውም እያነሰባቸው ሄደ።

«ለእኔ ብለው ነው የፈረሙት?» አለች።

«ለአንቺም፣ ለልጆቹም።»

«ልጆቹ ክፍል ቢያገኙ ደስ ይለኛል፤ በእሱ አልቀየምም። ወጥተው ‹ፈርሜብሻለሁ› ቢሉኝ ኖሮ አለቅስ ነበር፤ ከዚያ ይወጣልኝ ነበር። ሰሌዳው ጋ ‹እኔም ገርሞኛል› አሉኝ። እኔ ሰውን የማውቀው በድምፁ ነው፣ ኦቦ ሶያማ። የእርስዎን ድምፅ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ምንም አልነበረበትም። አሁን ሲያወሩኝም ምንም የለበትም። የቱ እውነት እንደሆነ መለየት አቃተኝ።»

የኦቦ ሶያማ እንባ ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈሱበትም። እሷ አታውቅም። «እያለቀሱ ነው» ልላት አፌ ላይ ደረሰ፤ ያ ደግሞ ለእሳቸው መለመን መሰለኝና ተውኩት። ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሻይ ይጠጡ» አለቻቸው። ጠጡ። ስንወጣ በሩ ድረስ ሸኘችን።

የተቀጠረው ልጅ አምስት ወር ሠርቶ የተሻለ አገኘና ሄደ። መደቡ በአዲሱ መዋቅር ታጠፈ። አቶ አለሙ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ ዕቅዱ ውስጥ ስለ ክፍሉ የተጻፈ አንድም መስመር አልተገኘም። ሊሰጥ ነው የተባለው ክፍል ዛሬ የተበላሹ ፕሪንተሮችና እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ማስቀመጫ ነው። ኦቦ ሶያማ በሰኔ ጡረታ ወጡ። የሽኝት ዝግጅት ተዘጋጅቶ ነበር፤ አመመኝ ብለው ቀሩ። ጓሯቸው ያሉትን ቅጂዎች ለትምህርት ቤቱ ሰጡ፤ እሳቸው ግን ቅዳሜ መሄዱን ተዉ። «ከልጆቹ አንዱ ‹ዓይን የማይፈልገው የቱ ነው› ቢለኝ ምን እላለሁ?» አሉኝ።

ሚንሃ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሥራ ፈልጋ አጣች። ለሌሎች ሁለት ሙዚየሞችና ለአንድ የባህል ማዕከል አመልክታ ነበር፤ አንዱ ጋ ገና በዘንጓ ስትገባ «ቦታው ተይዟል» ተባለች። አሁን ሱሉልታ ላይ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ለእኔ አንድ ጊዜ ደውላልኛለች፤ የልምምድ ማስረጃ ፈልጋ። ስለ ኦቦ ሶያማ አልጠየቀችም።

ሱሉልታ መሆኗን ነገርኳቸው። ከወር በኋላ ሄዱ። ከሰበታ ሦስት ታክሲ ቀያይረው፣ ትምህርት ቤቱን ጠያይቀው አገኙት። ዘበኛው «ማንን ልጥራልዎ?» ሲላቸው «ማንንም» አሉት። በአጥሩ ዳር ሲዞሩ በአንዱ መስኮት ድምፅዋ መጣ። ስለ ወንዞች ነበር የምታስተምረው። ደወል እስኪደወል እዚያው ቆመው ሰሟትና ተመለሱ። «ታስተምራለች፣ ሔለን» አሉኝ። «እንዴት አድርጋ ታስተምራለች!»

ባለፈው ሚያዝያ ሰበታ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ ሁንዴ የሚባል ወጣት፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሙዚየምና ስለ ኪነ ጥበብ ሙያዎች የሚነግር ሰው ፈለገና ኦቦ ሶያማን ጋበዛቸው። እምቢ ብለው ነበር። በኋላ እኔም አብሬ ከመጣሁ እሺ እንደሚሉ ነገሩት። አዳራሹ ሞልቷል። መዝጋቢውን፣ ጠጋኙን፣ ጸሐፊውን፣ አስተማሪውን፣ ምን እንደሚጠና፣ የት እንደሚለማመዱ ደህና አድርገው አስረዱ። ከመሀል አንዲት ተማሪ ተነሣች።

«እርስዎ አስተምረው ሙዚየም ያስገቡት ሰው አለ?»

«አንድ ነበረች» አሉ። ስሟን ሳይጠሩ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረው ነገሯቸው። መፈረማቸውንም፣ ሰሌዳው ጋ ያሉትንም። መምህር ሁንዴ ወለሉን ያይ ነበር።

«ታዲያ እንማረው ወይስ ይቅርብን?» አለች ልጅቷ፣ አሁንም እንደቆመች።

«እኔ ብሆን እማረዋለሁ፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ሶያማ። «ለሌላ ሰው ግን ከእንግዲህ ቃል አልገባም።»

ስንወጣ ሦስት ሴት ተማሪዎች ተከተሉን። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሰጠው፣ ልምምድ ለመጠየቅ ደብዳቤ ለማን እንደሚጻፍ ጠየቋቸው። ኦቦ ሶያማ ግድግዳ ተደግፈው በልጆቹ ደብተር ላይ ጻፉላቸው። ከዚያ ስልክ ቁጥራቸውን ለመኗቸው።

«ከእኔ ይልቅ የእሷን ብትይዙ ነበር የሚሻላችሁ» አሉ። «ይህን ሥራ እንደሷ የሚያውቅ አላየሁም።»

«እሺ፣ የእሷን ይስጡን።»

ኦቦ ሶያማ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ አዩትና መልሰው ከተቱት። ሚንሃ ቁጥሯን ከቀየረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አዲሱ እኔ ጋ አለ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አልጠየቁኝም።